አሥራ ስድስት ባዶ ቤት

ከነምበር ዋን ጥግ ባጃጅ ተሳፍሬ፣
የመድኃኒት ካርቶን ጉልበቴ ላይ ደርድሬ፣
ሾፌሩ ልጅ እግር፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣
ቴፑን ለቀቀብኝ ጆሮዬን ሰርስሮ።
«ይሄን ስማ አቦ! ‹ሰባተኛ ፉርጎ›፣
ሽማግሌው ሁሉ ወጣ ማይክ ፈልጎ!»

ዝም አልኩ።
ስሙን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩ።

ድሮ ከጣቢያው አጥር ሥር፣ በቆመ ፉርጎ ውስጥ
አራት ነበርን፤ የከሰዓቱ ሙቀት ብረት የሚያቀልጥ።
አንዋር ነበር፣ ሳቂታው፣ በሦስት ቋንቋ የሚማታ፣
በኦሮምኛ ጀምሮ በሶማልኛ የሚፈታ፣
ስድብ ሲሆን ብቻ ባማርኛ የሚረታ።
ቶፊቅ ነበር፣ የአባቱን የስፌት መኪና ፔዳል ረግጦ
ምት የሚያወጣ፣ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጦ።
ጌዲዮን ነበር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ዘበኛ ልጅ፣ አፈ ለስላሳ፣
ማይክ የያዘ ቀን ግን እንደ ጎርፍ የሚያገሳ።
እኔም ነበርኩ።
እኔማ ወረድኩ።

ምክንያት አለኝ፤ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም፤
ልጅ ተወለደ፣ ራፕ ደግሞ ወተት አያመጣም።
ለመጨረሻው ልምምድ «መጣሁ» ብዬ ቀረሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባንዲት «መጣሁ» ኖርሁ።

«ደረቅ ወንዝ» ነው የአልበሙ ርዕስ። ደቻቱን ለሚያውቅ
ውሃ የለም ማለት አይደለም፣ ደረቅ፤
ከላይ ከደጋው ዘንቦ እንደሆነ ሌሊት
እዚህ በጠራ ሰማይ ይደርሳል ድንገት።

ስለ አልበሙ ያልተባለ የለም።
አዲስ አበባ፣ አንድ የሬዲዮ ሰው፦ «ምቱ ያረጀ ነው፣ አይጥምም፤
ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ቢቀር ጥሩ» አለ፣
«ስምንተኛው ጭራሽ ሳይጨርሱት የተጣለ።»
የምድር ባቡር ጡረተኞች ከከዚራው ጥላ
«ጩኸት ነው» አሉ በፊት፤ ዝም አሉ በኋላ፤
አንዱ፣ ፍሬን ያዥ የነበረ፣ ዓይኑን አሸት አርጎ
«የኔ ነበር» አለ፣ «ሰባተኛው ፉርጎ።»
ታይዋን ገበያ ፍላሽ የምትሞላው ዩስራ
«በነጻ ሰጠሁት» አለች፣ «አልሆነም ለሥራ፤
ስምንተኛውን ግን ለብቻው ይጠይቁኛል፣ ሕፃናት በተራ።»

«ለምን ስምንተኛውን?» አልኩት ሾፌሩን።
«ቆይ፣ አሁን ይመጣል።»

አንዋር ገባ፣ ወጣ። ሦስቱም ቋንቋ አለ፤ ሳቁ የለም።
ጌዲዮን ገባ። ድምፁ ጎርንኗል፣ መሐል ላይ ሳል አለበት፤
ሳሉን አልቆረጡትም።
ከዚያ ማንም።
ምቱ ብቻ። ያ የስፌት መኪና ፔዳል፣
የቶፊቅ አባት ከሞቱ ወዲህም ይረገጣል።
አሥራ ስድስት ባዶ ቤት።

የሬዲዮው ሰው «ስህተት ነው» ብሎ የተቸው፣
ልጆች ባለቤት የሌለው መስሏቸው
በየፊናቸው ገብተው የተከራዩት፣
አንዱ ስለ ኳስ፣ አንዷ ስለ እናቷ ሱቅ የዘረዘሩበት።
ባለባጃጁም ጀመረ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ፣
ስለ አንዲት የሳቢያን ልጅ፣ ቃል በቃል እየተፋ፤
አራት ቤት ሄዶ ጠፋው። ሳቀ።
«ያንተ ተራ፣ ፋዘር!»

በካርቶኑ ላይ በጣቴ ቆጠርኩ።
እኔ ሁልጊዜ ከምቱ ኋላ ነበር፣ ዘግይቼ የምገባ፤
ቶፊቅ ያን እንኳ አልረሳም፤
በሩን ትቶታል ገርበብ አርጎ፣ እኔን ብቻ የሚያስገባ።

አፌን ከፈትኩ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ጣሪያ ላይ ተኝቼ የገጠምኩት፣
ጠዋት ከፍራሹ ጋር ጠቅልዬ የከተትኩት
ሁሉም ጉሮሮዬ በር ላይ ተጋፍቶ ቆመ፤
የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ መስቀል በስተቀኝ ብቅ አለ።

«ወራጅ አለ።»

ምቱ ላይ ወደቀች። ከኋላው፣ በትንሹ ዘግይታ።
ሾፌሩ ፍሬን ያዘና ዞሮ አየኝ።
«ድገማት!» አለኝ።

ካርቶኑ ከባድ ነበር። አራት ቤት ይቀራል።